ለግራ ትከሻ የሚሆን ጠመንጃ

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ ቁመቷ አጭር ምላሷ ረጅም ለሆነችው ለቁንጫዬ፤

እንደምን አለሽልኝ? ከራስ ፀጉርሽ ጀምሮ ጭቃ እስከለበሰው ቦት ጫማሽ ድረስ ደህና ነሽ ወይ? እናትሽስ፣ እህቴ፣ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? አሁንም ዝናብ መምጣቱን በጉልበቷ ታውቃለች ወይስ እንደኛ ወደ ሰማይ ማየት ጀመረች? ባልሽ ዝምተኛውስ? ባለፈው ደብዳቤሽ «ሰላም በይልኝ ብሏል» ብለሽ ስትጽፊ፣ ይህን ሁሉ ቃል በአንድ ቀን ተናግሮ እንዳይታመም ሰግቼለት ነበር። ውሻችሁስ ጥላው ላይ መጮህ ተወ? ድንቹስ አበበ? እኔ ደህና ነኝ። ክር በመርፌ ቀዳዳ ላስገባ ስል ዓይኔ ትንሽ ያንገራግርብኛል እንጂ ምላሴ እንደ ድሮው ነው።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ የአንድ ደንበኛ ሱሪ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ስፌቱን ስፈታ ነው። በትክክል ገብቶኝ እንደሆነ እንድታዪ የጻፍሽውን መልሼ ልንገርሽ። ከርከሮዎቹ ከጫካው እየወጡ የድንቹን መደብ ይገለብጣሉ። አምና ግማሹን ማሳ በሉባችሁ፤ ዘንድሮም ከደገሙት መሬቱን ያከራያችሁ ሰው ለሌላ ሊሰጠው ነው። የአዳኞቹ ማኅበር ደንብ ደግሞ፣ ማሳው የሚታደንለት ሰው ከቤቱ አንድ ተኳሽ ያቁም ይላል። ዝምተኛው ከደጁ እስከ አጥሩ ያለውን እንኳን በመነፅር ስለሚያይ፣ ተኳሿ አንቺ ሆንሽ። ተምረሽ፣ ተፈትነሽ፣ ፈቃድሽን ያወጣሽ ዕለት የላክሽልኝን ፎቶ እስካሁን መስታወቴ ጠርዝ ላይ ሰክቼዋለሁ። ፎቶው ላይ ከጠመንጃው ይልቅ አንቺ ታስፈሪያለሽ።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። የማኅበሩ አለቃ ያዋሰሽ ጠመንጃ ከፊል አውቶማቲክ ነው፤ ቃታውን በሳብሽ ቁጥር አንድ ጥይት ይተኩስና ቀጣዩን ራሱ ያጎርሳል። አንቺ ግን የመጀመሪያውን እንደተኮስሽ ዓይንሽ ይጨፈናል፣ ፊትሽ ወደ ጎን ይዞራል፤ ለሁለተኛው እስክታነጣጥሪ ከርከሮው ጫካ ገብቷል። አለቃውም አንድ ጊዜ ደግሞ እንዲህ ከሆነ መጥበሻ እየደበደቡ ከርከሮ ከሚያስወጡት ጋር ትሰለፊያለሽ አለሽ። ተኳሽ የሌለው ማሳ ተራው መጨረሻ ነው፤ ተራው እስኪደርስ ደግሞ ድንች አይተርፍም። ይኼኔ ነው «አጎቴ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ እኔ ፈሪ ነኝ? ከሆንኩ ለፈሪ የሚሆን የሚያስተማምን ጠመንጃ ምረጥልኝ» ብለሽ የጻፍሽልኝ።

ፈሪ የሚለውን አላመንኩም። ገና ስትድሂ ዝይ ያሳደድሽ ልጅ ነሽ፤ ያን ዝይ ፈርቼ ጠረጴዛ ላይ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ደብዳቤውን ደግሜ አነበብኩት፤ ምንም አላገኘሁም። ቀጥሎ እናትሽ ከግርጌው በዚያ ወደ ኋላ በሚያጋድል ጽሕፈቷ የጨመረችውን አየሁ። ከአደን ስትመለሺ ቀኝ ክንድሽ ላይ፣ ክርንሽ እጥፋት ውስጥ፣ ትንሽ ተቃጥለሽ ነበር፤ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም ትላለች፣ ቅባት ቀባኋት ብላለች።

ሱሪውን ወዲያ ጣልኩና የእንጨት ሜትሬን አንስቼ መስታወቱ ፊት እንደ ጠመንጃ ደገንኩት። በዚያው ቅጽበት የሱሪው ባለቤት በሩን ከፍቶ ገባ። ሁለት እጁን ወደ ላይ አንስቶ «ኧረ ጋሼ፣ ቢጠብም እለብሰዋለሁ!» አለኝ። አስቀመጥኩት፣ ውሃ አጠጣሁት፣ ወደ መስታወቴም ተመለስኩ። ሜትሩን የደገንኩት በግራ ትከሻዬ ነበር። አንቺም የምትደግኚው በግራ ነው። እናትሽም ብትተኩስ በግራ ነው፤ ቤታችን ከነምሰሶው ግራኝ ነው። ጠመንጃው ግን ባዶውን ቀለህ የሚተፋው በቀኝ ጎኑ ነው። በቀኝ ትከሻው ለሚተኩስ ሰው ቀለሁ ከፊቱ እየራቀ ይሄዳል። የኛ ፊት ደግሞ ያለው በዚያው በሚተፋበት ጎን ነው። የጋለው ቀለህ በአፍንጫችን ፊት ሽው ይልና አንዳንዴ ጠመንጃውን ከፊት የደገፈው ቀኝ ክንዳችን እጥፋት ውስጥ ያርፋል። ቁንጫዬ፣ ትኩስ ብረት ወደ ፊትሽ ሲመጣ ዓይንሽ የተጨፈነው ሥራውን ሲሠራ ነው። ፍርሃት የሚባል ነገር እዚህ ውስጥ የለም።

እንዴት እስካሁን አላወቅነውም ብትዪ፣ የቤታችን አመል ነው። ዕቃ እምቢ ሲለን ዕቃውን ትተን እጃችንን እንወቅሳለን። አያትሽ ያን በአንድ ጎኑ ብቻ አፍ ያለውን ጭልፋ በግራ እጁ ይዞ ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ ሲደፋ «ይቅርታ» ይል ነበር፤ ለጭልፋው። እኔም ስፌት ማንም ሳያስተምረኝ የጀመርኩት በቀኝ እጅ መቀስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሱሪዎቼ አንዱ እግራቸው ወደ ገበያ፣ ሌላው ወደ ቤት የሚሄድ ይመስል ነበር። ለግራ እጅ የተሠራ መቀስ መኖሩን አንድ መንገደኛ ሰፊ እስኪነግረኝ ድረስ እጄ ዶማ ነው ብዬ አምኜ ተቀምጬ ነበር።

በማግስቱ የጠመንጃ መያዣ ሸራ ወደምሰፋለት ሻጭ ዘንድ ሄድኩ። ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ሆዱ ቀድሞ የሚቀበልሽ ሰው ነው። መቀስ ሲወድቅ የምትዘል ሰው ጠመንጃ ለምንህ ነው አለኝ። ከእኔ ለባሰች ግራኝ ነው አልኩት። ጉዳዩን ዘርዝሬ ስነግረው ቀልዱን ተወና ሦስት ጠመንጃ ይዞ ወደ መለማመጃው ሜዳ ወሰደኝ፤ ፈቃድ ያለው እሱ ስለሆነ እንደ ሕፃን ከጎኔ ሆኖ ጠበቀኝ።

የመጀመሪያው እንጨቱ የተቀረጸ፣ ሙሽራ የመሰለ፣ ሲያነሱት ላባ ነው። ሲተኩሱት ግን እንደ ተቆጣ በቅሎ ይራገጣል፤ ቀላል ጠመንጃ ለመሸከም እንጂ ለትከሻ አይራራም። ሁለተኛውን ጥይት ስተኩስ ደግሞ ቀለሁ መውጫው ላይ ተነክሶ ቀረ። ሻጩ ይኼ ጥይት መራጭ ነው፣ ያልወደደውን ሲያጎርሱት ይታነቃል አለ። ምግብ የሚመርጥ እንግዳ ስለማልወድ መለስኩለት። ቀጣዩ አለቃው ያዋሰሽን ዓይነት ነው። ጠንካራ ነው፤ ያጎረሱትን ሁሉ ይውጣል፣ አይታነቅም። በተኮስኩ ጊዜ ግን ቀለሁ አፍንጫዬ ሥር አለፈ፤ ዓይኔ ተጨፈነ፣ ፊቴ ወደ ጎን ዞረ፣ ያን የሚያህል የዒላማ ሰሌዳ ስቼ የአፈር ክምሩን መታሁ። ሻጩ ሆዱን ይዞ እየሳቀ አሁን የሥጋ ዘመዷ መሆንህን አመንኩ አለኝ።

የመጨረሻው እንደ ሥራ ሱሪ ነው፤ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ግን ሁለመናው እንደ መስታወት የተገለበጠ ነው። ቀለሁን በግራ ይተፋል፣ ሳይታሰብ እንዳይተኩስ የሚይዘው መጠበቂያ ቁልፉም ለግራ ጣት የተሠራ ነው። ተኮስኩ፤ ቀለሁ ከፊቴ ርቆ በረረ። ደገምኩ፤ ዓይኔ አልተጨፈነም። የመታሁት የሰሌዳውን እግር ነው፤ እሱን ተይው። ዓይኔ ግን ክፍት ነበር።

እንግዲህ እንዲህ ታደርጊያለሽ፤ እምቢ ማለት የለም። ጠመንጃ በፖስታ አይላክም፤ እዚያው ሕጋዊ ሻጭ ዘንድ በፈቃድሽ ትገዢያለሽ። ገና ከበሩ ስትገቢ ለግራኝ የተሠራ አለህ ወይ ብለሽ ጠይቂ። የለም ግን አስመጣለሁ ካለ ሰው ነው። ትለምጂዋለሽ ካለሽ ደህና ዋል ብለሽ ውጪ፤ እኛ መልመድ አላቃተንም፣ የኛ ችግር ሁሉንም ነገር መልመዳችን ነው።

ቀጥሎ ልክሽን ታያለሽ፤ ይኼ የኔ ሙያ ስለሆነ ስሚኝ። ሰደፉን ክርንሽ እጥፋት ላይ አሳርፊና ጣትሽ ቃታው ጋ ሳይንጠራራ መድረሱን እዪ። በክረምት የምታድኚበትን ወፍራም ካፖርት ለብሰሽ ለኪው እንጂ በስስ ሸሚዝ እንዳትለኪ፤ ሰደፉ ከረዘመ ብብትሽ ውስጥ ይሰነቀራል፣ ካጠረ የገዛ አውራ ጣትሽ አፍንጫሽን ይመታሻል። የእንጨቱ ውበት እንዳያታልልሽ። ለከርከሮ የሚበቃ፣ ጥይቱም ከሰፈርሽ የማይጠፋ ይሁን። ለአደን በምትጠቀሚበት በዚያው ጥይት ሜዳ ላይ ሳትሰለቺ ተኩሺው፤ ከታነቀ ሻጩ የሚያቀርበውን ሰበብ አትስሚ። ፈትተሽ፣ ጠርገሽ፣ ራስሽ መልሰሽ መግጠም ካልቻልሽ ያንቺ አይደለም። ስትጠርጊውም ዘይቱ ስስ ይሁን፤ እናትሽን ከዘይት ቆርቆሮው አርቂያት። እሷ የስፌት ማሽኔን አንድ ጊዜ ዘይት አጠጥታልኝ የአንድ ሙሽራ ቀሚስ እንደ ጥብስ ወጥቶልኛል።

አንድ ነገር ያለ ቀልድ ልንገርሽ። ሁለተኛው ጥይት ፈጥኖ መጉረሱ አንቺን እንዳያስቸኩልሽ። እሱ ያለው የቆሰለ እንስሳ ሲሠቃይ እንዳይቆይ ነው። ከከርከሮው ኋላ ምን እንዳለ ሳታዪ ጣትሽ ቃታውን አይንካ፤ መጥበሻ ደብዳቢዎቹም ቤት የሚጠብቃቸው ሰው አላቸው።

አለቃውን አትጣዪው፤ ክፉ ሰው አይመስለኝም፣ ቀኝ እጁን ብቻ የሚያውቅ ሰው ነው። በሚቀጥለው ልምምድ ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አንገትሽን ሰበር አድርገሽ «እስቲ አንድ ጊዜ በግራ ትከሻዎ ተኩሰው ያሳዩኝ» በዪው። እምቢ ካለ ሰው ይስቅበታል። እሺ ካለ ዓይኑን እዪ። ከዚያ በኋላ ያለውን ንግግር ለኔ ስትዪ በቃል ያዢልኝ፤ እዚህ ሆኜ እንዳልስቅ መከልከል ግፍ ነው።

አሁን ዋናው ጭንቀትሽ ይገባኛል። ለግራ የተሠራው ጠመንጃ ከአደኑ ቀን በፊት ላይደርስ ይችላል። ቢዘገይ ቦታሽን እንዳትለቂ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር በመጣው ጥቅል ውስጥ የሰፋሁልሽ የሸራ ጃኬት አለ። የጥይት ኪሱ በግራ ነው፣ ቁልፎቹም ለግራ እጅ ይመቻሉ። ቀኝ እጅጌው ላይ፣ ክርኑ እጥፋት ውስጥ፣ እናትሽ ቅባት የቀባችበት ቦታ ላይ፣ ወፍራም ቆዳ አለብሼዋለሁ። ያን የውሰት ጠመንጃ ይዘሽ መከላከያ መነፅርሽን አድርጊና ቁሚ። እስከ ዛሬ በፊትሽ የሚያልፈው ምን እንደሆነ ሳታውቂ ነበር የተኮስሽው፤ አሁን አውቀሽዋል። ቀለሁ ቢመጣ ቆዳው ይቀበለዋል፤ አንቺ ከርከሮውን ብቻ እዪ። ድንቹም መሬቱም በእጃችሁ ይቀራል። መጥበሻው ደግሞ ምድጃው ላይ ይቀመጥ፣ ሥራው እዚያ ነው።

እህቴን ጉልበቷን ሳትነኪ አንገቷን እቀፊልኝ፤ በዚያች ሁለት መስመር ስለ ክንድሽ ባትጽፍልኝ ኖሮ እስካሁን የፈሪ ጠመንጃ ስፈልግ እዞር ነበር። ዝምተኛውን ሰላም በዪልኝ፤ መልስ እንዳይሰጥ፣ ራሱን ከነቀነቀ ይበቃኛል። ውሻውን ጆሮው ኋላ እከኪልኝ። ለአለቃውም የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺ፣ ግን ከተኮሰ በኋላ።

ለግራ እጅሽ የተለየ ሰላምታ አለኝ። ከእንግዲህ ለጭልፋም፣ ለመቀስም፣ ለጠመንጃም ይቅርታ እንዳትጠይቅ ንገሪያት።

የሚወድሽና የሚያበሽቅሽ አጎትሽ

ከልብስ ስፌት ቤቴ፣ ከመስታወቱ ፊት፣
ኅዳር ፲፱ ቀን