የአባትሽ ጸናጽል በዐቢይ ጾም

ለዚህች ጾም በቸርነቱ ያደረሰን አምላክ ስሙ ይክበር። ልጄ ሮሐ፣ በዚያ በፖርቱጋል ባሕር ዳርቻ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና ወንድምሽ ሰርፀ እዚህ ላስ ቬጋስ ደኅና ነን።

የከተማሽ የኪነ ጥበብና የባህል በጎ ፈቃደኞች ያዘጋጁትን ምሽት በላክሽልኝ ቪዲዮ አየሁት። ያቺ ባለባርኔጣ ሊቀ መንበራቸው አንቺ ያዋስሻትን የአባትሽን የመሪጌታ ባዘዘውን ጸናጽል እንደ በግ ቃጭል ስታንቃጭል፣ የቀሩት ወይን ጠጅ ጨብጠው ይስቃሉ። ያውም በዐቢይ ጾም! በዚህ ሁሉ ካዚኖ መካከል ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን እንኳ ከበሮዋን በጨርቅ ሸፍና፣ ጸናጽሏን አስቀምጣ ትንሣኤን ትጠብቃለች።

ሰርፀ ከሺፍቱ ሲመለስ አሳየሁት።

«እማዬ፣ በነፃ እኮ ነው የሚያገለግሉት!» አለኝ።

«ደመወዝ ቢከፈላቸውማ መንበሩንም ያስጨፍሩት ነበር» አልሁት።

አሁን ደግሞ ጸናጽሉ በአዳራሻቸው በመስታወት ውስጥ ይቀመጥልን ማለታቸውን ጽፈሻል። ባህል ጠባቂዎች ናቸው አሉ! የያዙትን የማያውቁ ምኑን ይጠብቁታል? እነርሱስ አለማወቃቸው ይማልድላቸዋል፤ በአባትሽ እግር ሥር ያደግሽው አንቺ ግን ዳር ቆመሽ ስታጨበጭቢ አይቼሻለሁ።

እባክሽ ልጄ፣ ሳትውዪ ሳታድሪ ተቀብለሽ በነጠላሽ ጠቅልለሽ አኑሪው። በትንሣኤ ዕለት ደውለሽ፣ አባትሽ ይይዙት እንደነበረው ይዘሽ፣ አንድ ጊዜ አሰሚኝ። ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ።

መግቢያ መውጫሽን ይባርክልሽ፤ ቤትሽንም በሰላሙ ይሙላልሽ።

እናትሽ ስጦታ