ዘርጋ፣ ሎሚህን አስመለስኩልህ

ዘርጋዬ፣ የቤቴ ሰው፣

ከተለየኸኝ ዓመት አልፎ ሌላው ተጋምሷል። ተዝካርህ ከወጣ በኋላ ሰው ሁሉ «በቃሽ፣ አሁን ጥቁሩን አውልቂ» አለኝ። አወለቅኩት። ቂሜን ግን አላወለቅኩም። ይህን ስነግርህ ትቆጣኝ ይሆናል። ተቆጣ፤ ከዚያ ሆነህ ምን ታደርገኛለህ?

መጀመሪያ የቤታችንን ልንገርህ። ልጃችን ህሊና ወልቂጤ ነርስነት እየተማረች ነው። አንዳንድ ቅዳሜ ወደ ቡታጅራ ብቅ ትላለች። ነጭ ጋውኗን ለብሳ መስታወት ፊት ስትቆም ትከሻዋ ቁርጥ ያንተ ነው። የጓዳው ጣሪያ የሚያፈስበት ቆርቆሮ ተለውጧል። ያ አሮጌ ፍሪጅ አሁንም አለ፤ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር እንደ ወፍጮ ይጮሃል። አልጋችንን ወደ መስኮቱ አዙሬዋለሁ። ያንን ግድግዳ ማየት አልፈለግኩም።

ሽመልስ የባሩን ቁልፍ ያስመጣበትን ቀን ታስታውሳለህ። አብሮ አደግህ ሽመልስ፣ ለሰርጋችን ሚዜ ሆኖ አጠገብህ የቆመው ሽመልስ፣ በኋላም ሆቴሉን ሲከፍት «ያለ ዘርጋ ባር አይኖረኝም» ብሎ የወሰደህ ሽመልስ። ኩላሊትህን ታመህ ከተኛህ ጀምሮ አንድ ቀን በራችንን አላንኳኳም። ሆቴሉ እኮ ደጃችን ላይ ሲቆሙ ይታያል! አልመጣም፤ ዘበኛውን ላከ። ዘበኛው ጫማውን እያየ «ጋሼ፣ ቁልፉን ተቀብለህ ና ብለውኝ ነው» አለህ። ከትራስህ ሥር አውጥተህ ሰጠኸው። «ደህና ዋል» አልከው እንኳ። ከዚያ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። እስኪመሽ ወደ እኔ አልተመለስክም። እኔ ጀርባህን እያየሁ ተቀምጬ በልቤ ማልኩ።

ለቅሶህ ላይ ደግሞ መጣ። ጥቁር ሱፉን ለብሶ ድንኳኑ መሀል ቆመና የእድሩ ሰው ሁሉ እየሰማ «ዘርጋን ሥራ ያስያዝኩት እኔ ነኝ። ያ ሰው የሚወድለት የሎሚ ኮክቴል እንኳ እኔ ያስተማርኩት ነው» አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ፍራሽ ላይ ነበርኩ፤ ከማልቀስ ብዛት ድምፄ ተዘግቶ አፌን ብከፍት የሚወጣ ነገር አልነበረም። አርባህ ሳይወጣ ሆቴሉ በር ላይ ትልቅ ባነር ተሰቀለ። ሽመልስ ብርጭቆ ይዞ ይስቃል፤ ከሥሩ «የሽመልስ ሎሚ» ተብሎ ተጽፏል። ይህ ሰው ስኳር በሽታ አለበት። ያንን መጠጥ በከንፈሩ ነክቶት አያውቅም።

መጠጡ የት እንደተወለደ እኔ አውቃለሁ። ጓዳችን ውስጥ፣ እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ሰው ክትፎ በልቶ ቅቤው አፉ ላይ ሲቀርበት ቢራ ብቻ መጠየቁ ያበሳጭህ ነበር። «አፍ የሚያጥብ ነገር መገኘት አለበት» እያልክ ሎሚ በዘንቢል ይዘህ ትመጣለህ። የመጀመሪያው ሎሚና ጂን ብቻ ነበር። ስቀምሰው ፊቴ ተጨማዶ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ አንተ የበሩን መቃን ይዘህ ሳቅክ። ቀጥሎ የሠራኸው ደግሞ እንደ ልጆች የሳል ሽሮፕ ጣፈጠ። ስቀምስ አፌን አታይም፤ ዓይኔን ነበር የምታየው። «አፍሽ ለእኔ ብሎ ይዋሻል፤ ዓይንሽ አይችልበትም» ትለኝ ነበር።

በመጨረሻ ልጣጩ ላይ ደረስክ። ሎሚውን አጥበን አረንጓዴውን ብቻ ስስ አድርገን እንልጣለን። «ነጩን እንዳታስነኪ፣ እሱ ነው የሚመረው» ትለኛለህ። ልጣጩን ከስኳር ጋር በጣትህ ታሸዋለህ፣ ታሸዋለህ፣ ጓዳው በመዓዛው እስኪሞላ። ሸፍነን ስንተወው ስኳሩ ያልበዋል። ከዚያ ሎሚውን ፍሬው ሳይጨፈለቅ እንጨምቅበታለን፤ ስኳሩ እስኪሟሟ አማስለን በሻይ ማጥለያ እናጠልለዋለን። የለውዝ ቅቤ ያለቀበት ጠርሙስ ውስጥ ከበረዶና ከትንሽ ጂን ጋር ከድነህ ትንጠዋለህ፤ ብርጭቆ ላይ ቀድተህ የጋዝ ውሃ ጣል ታደርግበታለህ። ይኸው ነው። ለጎረቤታችን ለዘይነባ ያለ ጂን ትሠራላት ነበር፤ የእሷን ጠርሙስና ብርጭቆ ለብቻ ታስቀምጥላት ነበር። ሎሚ ከመንካቴ በፊት ደግሞ እጄን ተቀብለህ ጣቶቼን እያገላበጥክ ቁስል እንዳለ ታያለህ። ካለ «ተቀመጪ» ትለኛለህ። ሌላውን ሁሉ ሰው ሊያስታውሰው ይችላል። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

እና ሽመልስ መጣ፤ ያለፈው መስቀል ሊገባ ሲል። አዲሱ ባርማኑ ሎሚ ጨምቆ ጂን ይደፋበታል እንጂ ሌላ አያውቅም፤ ደንበኛው «ይህ የድሮው አይደለም» እያለ አስቸግሮታል። ስኳር በላስቲክ ይዞ ገብቶ ያንተ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

«ወርቄ፣ እኔና አንቺ እንግዳ አይደለንም» አለኝ። «ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገባው ሰው በሙሉ እኔ ጋ ነው የሚበላው። ያ የዘርጋ ሎሚ እንዴት ነበር?»

በአራት ዓይን ሲሆን የዘርጋ ነው ማለት ነው።

«አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከው?» አልኩት።

ሳቀ። «ቆየ እኮ፤ ረሳሁት» አለ።

እኔም ሳቅኩለት። ዱካ ስቤ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩና አስተማርኩት። «ሎሚውን እንዳለ፣ ከነልጣጩ ከነፍሬው ቆራርጠህ በትልቅ ድስት ከስኳር ጋር ቀቅለው። በደንብ ይንተክተክ። እስኪቀዘቅዝ ልጣጩን ሳታወጣ ተወው፤ ኃይሉ እሱ ላይ ነው» አልኩት። በስልኩ ቀዳኝ። «እግዜር ይስጥሽ፣ ዘርጋ ነፍሱን ይማረው» ብሎኝ ወጣ። በሩን ዘግቼ ተደግፌው ቆምኩ። ደስ ብሎኝ እንደነበር የገባኝ ትንሽ ቆይቶ ነው። ነገሩን የነገርኩት ለዘይነባ ብቻ ነው። አፏን በሻሿ ይዛ «ያ ረቢ! አንቺ ሴት!» አለችኝና እዚያው መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች።

የመስቀል ለት ከጠዋት ጀምሮ እኔና ህሊና ልጣጭ ስናሽ ዋልን። ሆቴሉ አዳራሽ ውስጥ የሆነውን የነገሩኝ ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ በየዓመቱ ከአዲስ አበባ ሲመጡ መጀመሪያ አንተን የሚጠሩት ጋሽ ወልዴ። ክትፎው ተበልቶ እንዳበቃ ሽመልስ ለሁሉም አስቀዳ። ባርማኑ ቀድሞ ቀምሶ «ጋሼ፣ ይመራል» ቢለው «አንተ ምን ታውቃለህ፤ ከዘርጋ ቤት ነው ያመጣሁት» ብሎ ገስጾታል። ሰው ጎንጨት አለ። አንዱ መሐረቡ ላይ ተፋ፤ አንዷ ውሃ እያለች ጮኸች።

ጋሽ ወልዴ ብርጭቆውን አንስተው «ሽመልስ፣ ይህ ምንድን ነው? እስቲ ራስህ ቅመሰው» አሉት።

«ስኳር አለብኝ እኮ፤ ጤናዬ አይፈቅድልኝም» አለ።

«ታዲያ ሳትቀምስ እንዴት አድርገህ ፈለሰፍከው?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ዘይነባ በሯ ላይ ቆማ ስለነበር ለሚወጣው ሁሉ «ዘርጋ ቤት ሂዱ፣ ወላሂ እዚያ ነው ያለው» እያለች መንገድ አሳየች። ግቢያችን ሞላ። ብርጭቆ አልበቃ ብሎ በሲኒና በጣሳ ቀዳሁ። ጋሽ ወልዴ ገና አንዴ ፉት ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔም ያን ጊዜ ወደ ጓዳ ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። እውነቱን ልንገርህ ብዬ ነው።

ስወጣ ሽመልስ ግቢው መሀል ቆሟል። ፊቱ ጠቁሯል። «ወርቅነሽ፣ ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለኝ።

«ድንኳኑ ውስጥ ያልከውን እዚህ ድገመው» አልኩት። «የእድሩ ሰዎች እነዚህ ናቸው። ያን ቀን ድምፅ አልነበረኝም፤ ዛሬ አለኝ። ማን ነው የሠራው?»

መሬት መሬት እያየ «ዘርጋ ነው» አለ።

«አልተሰማም።»

«ዘርጋ ነው የሠራው! እኔ አላስተማርኩትም።»

ሰምተኸዋል? እኔ ሰማሁልህ። ለሁሉም ቀድቼ ነበር፤ ለእሱ ውሃ ሰጠሁት። ጠጥቶት ወጣ።

አሁን «አይበቃሽም ወይ?» ትለኛለህ። አልበቃኝም። በሳምንቱ ያንን ባነር አውርዶ አዲስ ሰቀለ፤ «የዘርጋ ሎሚ» ይላል። ሊክሰኝ ፈልጎ ነው አሉ። ነጠላዬን አደግድጌ ከዘይነባ ጋር ሄድን። «ታሞ ሳለ ያልጠራኸውን ስም ሞቶ ልትነግድበት ነው? አውርደው» አልኩት። መሰላል አምጥቶ በገዛ እጁ አወረደው። ጠቅልዬ ይዤው መጣሁ፤ አሁን ዝናብ እንዳያረጥበው ማገዶዬን አልብሼበታለሁ።

ከዚያ ደግሞ ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ወልዴም መሀላቸው ነበሩ። «ልጄ፣ በመስቀል ቂም አይያዝም። ተናግሯል፣ ተዋርዷል፣ ይቅር በይው» አሉኝ። አንተ ብትሆን ገና ደጁን ሳያልፉ «ይቅር ብያለሁ» ትል ነበር። ለዚያም ዘበኛ «ደህና ዋል» ያልክ ሰው ነህ። ደግነትህን እወደው ነበር፤ ግን የሞትክበት ብቸኝነትም ከእሱ ጋር ነው የመጣው፤ ማንንም አላስቸገርክም፣ ማንንም ና አላልክም። እኔ ሽማግሌዎቹን አበላሁ፣ አጠጣሁ፣ እጃቸውን አስታጠብኩ። ከዚያ «ሎሚውን መልሷል፤ ዘርጋ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረበትን ከሰዓት ግን ሊመልስልኝ አይችልም» አልኳቸው። ጋሽ ወልዴ ሌላ አልጠየቁኝም። ሌሎቹ ግን እንደገና እንመጣለን ብለዋል። ይምጡ። ቤቱ ክፍት ነው፤ መልሱ ያው ነው።

ዘርጋዬ፣ እንግዲህ ቃሌን ልስጥህ። ጣቶቼን የምታገላብጥበትን እጅህን፣ መቃኑን ይዘህ የሳቅከውን ሳቅ፣ አልረሳም። ያዞርከውን ጀርባህንም አልረሳም። ሰዎች ቂም ፍቅርን ይበላል ይሉኛል። እኔ እስካሁን ያንተ አንዲት ነገር እንኳ አልተበላብኝም። አንተን እየወደድኩ፣ እሱን ይቅር ሳልል አረጃለሁ። ህሊና ስትጠይቀኝም ሁለቱንም እነግራታለሁ፤ አንተን ቀድሜ።

ያንተዋ ወርቅነሽ