ጨውን መርዝ ብለው ያልፈረሙት የወይዘሮ ፍቅርአዲስ ሰይፈ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፍቅርአዲስ ከአባታቸው ከመሪጌታ ሰይፈ ሥላሴ አድማሴና ከእናታቸው ከወይዘሮ አሰለች ገብረ ዮሐንስ በ1971 ዓ.ም. ከአሸተን ማርያም ግርጌ ባለች መንደር ተወለዱ። ፊደል ከአባታቸው እግር ሥር ቆጥረው ዘመናዊ ትምህርታቸውን ላሊበላ ፈጸሙ፤ በ1994 ዓ.ም. በኬሚስትሪ ተመረቁ። በ1999 ዓ.ም. ከአቶ አረጋ ደባሱ ጋር በተክሊል ተጋብተው ትሕትናንና ይትባረክን ወልደዋል።

ሥራቸው ውኃ መመርመር ነበር፤ የወንዝ፣ የምንጭ፣ የጉድጓድ። በ2015 ዓ.ም. የገዛ መንደራቸው ምንጭ ናሙና ወደሚሠሩበት ቤተ ሙከራ መጣ። ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ አርሰኒክ የሚባል መርዝ አለበት አለ። አለቆች ጊዜ ሳይሰጡ «መርዝ» የሚል ሰሌዳ አስተክለው ምንጩን ከለከሉ። ያ ምንጭ ጨው ጨው የሚል ነው፤ አገሬው ከአያት ከቅድመ አያት ጠጥቶት ኖሯል፤ ከብቱ እንኳ ሌላ ውኃ አይወድለትም። ወይዘሮ ፍቅርአዲስ መሣሪያው በክብደት እንጂ በመልክ እንደማይለይ ያውቃሉ። የውኃው ጨው መሣሪያው ውስጥ ካለው አርጎን ጋዝ ጋር ሲጣበቅ ልክ የአርሰኒክን ያህል ይመዝናል። ስለዚህ ሂሊየም ጋዝ አሳልፈው ጥምሩን ከመንገድ አስቀሩትና ደግመው መረመሩ። መርዝ የተባለው የለም።

አለቃቸው ግን ዘገባው አንዴ ከወጣ መመለስ መሥሪያ ቤቱን ያዋርዳል ብለው በፊተኛው ላይ እንዲፈርሙ አዘዟቸው። «ጨውን መርዝ ብዬ አልፈርምም» አሉ። ለዚህች ቃል ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተወረወሩ። የመንደሩ ሰው ገደል ወርዶ ድፍርስ ወንዝ ሲቀዳ፣ ሕፃናት በተቅማጥ ሲማቅቁ፣ ሰባን ያለፉት እናታቸው ጀሪካን አዝለው ቁልቁለቱን ሲንገዳገዱ ማን ጠየቀ? ይባስ ብሎ ዘዴያቸውን ወሰዱት! ዛሬ በዚያ ቤተ ሙከራ ጨዋማ ውኃ ሁሉ የሚመረመረው እርሳቸው ባሳዩት መንገድ ነው። ሰሌዳው ግን እንደቆመ አለ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ለእርሳቸው ሳይጠራ መሸ።

ባደረባቸው የካንሰር ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ታኅሣሥ 8 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ታመው ሳሉ ጠያቂ በመጣ ቁጥር ቀድመው የሚጠይቁት ምንጩ ተከፈተ ወይ ብለው ነበር። ምን ብለን እንመልስ?

እናታቸውን፣ ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተውልን ሄደዋል።

መሥሪያ ቤታቸው የአበባ ጉንጉን በመኪና ጭኖ መጥቷል፤ ስለ ድካማችሁ እግዜር ይስጥልን። ቤተሰቡ ግን አበባ አላማረውም። ምንጩ በመመለሻችሁ መንገድ ዳር ነው። ሰሌዳውን ነቅላችሁ፣ በዚያው መኪና ጭናችሁ ሂዱ።

የእኅታችንን ነፍስ ከቅዱሳኑ ማኅበር ይደምርልን፤ ለእናታቸውም ጽናቱን ይስጥልን። አሜን።