በሰባተኛ ክፍል ቀሪ

መስከረም 12 ቀን 1963
ሰባተኛ ገባሁ። ዩኒፎርሜ ሰፍቶኛል፤ እማዬ "ታድጊበታለሽ" አለች። ከዘይቱና ጋር አንድ ዴስክ ደረሰን።

መስከረም 15
እስከ አምና እትዬ ወለተጻድቅ ብቻ ነበሩ ሁሉንም የሚያስተምሩን። ጆሮዬ መስማት ካቆመ ወዲህ የሰው ቃል የማውቀው ከከንፈር ነው። እሳቸውም ወደ እኔ ዞረው ነበር የሚናገሩት። "ሰዓዳ፣ ሰማሽኝ?" አይሉም፤ "አየሽኝ?" ነበር የሚሉት።
እዚህ በየደወሉ መምህር ይለወጣል። ትምህርቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ! የአማርኛን አፍ አውቃለሁ... የእንግሊዝኛውን ማን ያሳየኝ? የክፍላችን ኃላፊ ሕንዳዊ ናቸው፤ ሚስተር እንላቸዋለን። ጢማቸው ከንፈራቸውን ሸፍኖታል።

መስከረም 29
ቀሪ ለመለየት የምንጠራው በቁጥር ነው። እኔ አሥራ አራት። ሚስተር መዝገቡ ላይ አቀርቅረው ይጠራሉ፤ ዘይቱና በክርኗ ስትነካኝ "ፕረዘንት" እላለሁ። ዛሬ አዩን። ጨዋታ መሰላቸው መሰለኝ፣ ዘይቱናን ወደ ፊት ወንበር ወሰዷት። አሁንስ?

ጥቅምት 3
በግምት "ፕረዘንት" አልኩ። ተራዬ አልነበረም። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አንዱ "ደንቆሮ" አለ... ይቺን ቃል በማንም አፍ ላይ አውቃታለሁ። ሁለተኛ ቁጥር ሲጠራ አፌን አልከፍትም።

ኅዳር 3
አባባ ትምህርት ቤት ተጠሩ። በጾም አፋቸው፣ ሱቃቸውን ዘግተው። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል።
"ሃያ አንድ ቀን ቀሪ! አስኮ ነው አየር ጤና፣ የት ነው የምትውይው?"
ቀጥለው ፊታቸውን ወደ እማዬ አዞሩ። የቀረውን ከእማዬ እንባ አወቅኩ። እኔ? እኔ ስዞር ልውል? ተናደድኩ፣ አለቀስኩም።
ደብተሮቼን አመጣሁ። ከሰሌዳ የገለበጥኩት ሁሉ ቀን አለው። አባባ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ግን ገጹን አንድ በአንድ ገለጡ። ከዚያ ራሴን ዳበሱኝ።
"ታዲያ አልሰማም አትያቸውም?"
በየትኛው ቋንቋ?

ኅዳር 7
ከአባባ ጋር ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባን። ደግ ሰው ናቸው፤ ወደ እኔ ዞረው ቀስ ብለው ተናገሩ። "ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ቀሪው ይሰረዛል። ግን እንግሊዝኛውን እንዴት ትከታተያለሽ?"
ወደ አባባ ዞርኩ።
"አቶ ከሊፋ፣ ለጊዜው ወደ ስድስተኛ ብትመለስ ይሻላል።"
አባባ እጅ ነስተው ወጡ። ለጊዜው... እስከ መቼ?

ኅዳር 9
ስድስተኛ ክፍል። ትንንሾቹ ዞረው ዞረው ያዩኛል። እትዬ ወለተጻድቅ አቀፉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ከዚያ ስለ አዋሽ ወንዝ አስተማሩ፣ እየደጋገሙ ወደ እኔ እየዞሩ። አንድም ቃል አላመለጠኝም። ሁሉንም አምና ተምሬዋለሁ።