የማንጎውን ዛፍ አውጪልኝ

ለእህቴ ልጅ፣

እንዴት ሰነበትሽ? ባልሽና ልጆቹስ? እናንተ ደህና ካደራችሁ እኔም ደህና ነኝ፤ ዝናብ ሲያረግዝ ወገቤን ያመኛል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። ሰላምታው አለቀ፤ አሁን ወደ ክሱ ልግባ።

የላክሽልኝ ቡችላ የግራ ጫማዎቼን በላቸው። ቀኙን አይነካም። ሦስት ጥንድ ጫማ ነበረኝ፤ ዛሬ ሦስት የቀኝ ጫማ አለኝ። እሁድ በአንድ እግር ጫማ፣ በአንድ እግር ነጠላ ጫማ አድርጌ ቤተ ክርስቲያን ብሄድ ሰባኪው የጀመረውን ረሳ። "ሌባ ዶሮዎችህን እንዳይጨርስ" ብለሽ ነው የላክሽው፤ ይህ ግን ሌባ ቢመጣ በሩን ከፍቶ ዶሮዎቹን የሚያሳይ ነው። ስም እንኳ አላወጣሁለትም። የእናት ወንድም የእህቱን ልጅ ካልነዘነዘ ሌላ ምን ሥራ አለው ብለሽ እንዳታልፊው። ውሻ ካሳደግሁ አርባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም።

በደብዳቤሽ "ለእማዬ ስድሳ አምስተኛ ልደት የቤተሰባችንን ታሪክ ላሳትም ነው፤ የልጅነታችሁንና የጦርነቱን ጊዜ ጻፍልኝ፤ ከማንጎ ዛፍ የወደቀችበትንም በሠርጌ ላይ እንዳወራኸው አድርገህ" ብለሻል። ስለ ጦርነቱ ስትጠይቂያትም "አጎትሽን ጠይቂው" ብላ ተነሥታ ሄደች አልሽኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ልጄ፣ እናትሽ ሰኬሳይ ከማንጎ ዛፍ ወድቃ አታውቅም።

የሆነው እንዲህ ነው። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እናትሽ አሥራ ሰባት። አባታችንና ጎረቤታችን ካትሳንዴ በእርሻ ድንበር ተጣልተው ከተኳረፉ ቆይተዋል። ያኔ በሰፈራችን የማይነጋገር ሰው ነገሩን በውሻው ስም ይልክ ነበር። አባታችን የእኛን ውሻ "ታያላችሁ" አለው። ካትሳንዴ ሰነበተና የእርሱን "ምን ታመጣላችሁ" አለው። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንዱ ከወዲህ "ታያላችሁ!" ሲል፣ ሌላው ከወዲያ "ምን ታመጣላችሁ!" ሲል፣ ውሾቹ ራታቸውን እየበሉ ሰዎቹ ሲሰዳደቡ ያመሹ ነበር። እናትሽና እኔ በሳቅ እንሞት ነበር።

አንድ ቀን የነጮቹን መንግሥት ከጫካ ከሚወጉት ታጋዮች ትእዛዝ መጣ። ሲመጡና ሲሄዱ ውሻ እየጮኸ ለመንግሥት ወታደሮች ያጋልጣቸዋል፤ ስለዚህ እስከ ዓርብ በመንደሩ አንድ ውሻ እንዳይቀር። ካትሳንዴ ሐሙስ ዕለት የራሱን ውሻ ገድሎ መጥቶ ከአባታችን አጠገብ ግንድ ላይ ተቀመጠ። አባታችን "አዝናለሁ" አለው። በአራት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ቃሉ ነበር። የእኛን ታያላችሁን መግደል ግን አልሆነለትም፤ ገመዱን በእጄ አስይዞ "ወደ ወንዝ ውሰደው፤ ለካትሳንዴ ልጆች ስጣቸው፤ እነርሱ ይጨርሱታል፤ ዞር ብለህ አትይ" አለኝ።

አልሰጠኋቸውም። ከመንደሩ በላይ ባለው ቋጥኝ ሥር፣ ዋሻ ውስጥ፣ በልጥ ገመድ አሰርኩት። ቤት ስመለስ እጄን ታጥቤ፣ አልቅሼ፣ "አለቀ" አልኩ። ከዚያ በኋላ ከምሳዬ ሳድዛ፣ ያን ጠጣር የበቆሎ ገንፎ፣ እየቆረስኩ በኪሴ እወስድለት ጀመር። ድምፄን ሰምቶ እንዳይጮህ ፉጨት አስለመድኩት፦ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ይህንን ፉጨት ከእኔና ከእርሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። የሚገርመው፣ የማመጣለትን ግማሹን ይተወው ነበር። ሐዘን ይሆናል ብዬ አዘንኩለት፤ ግን አልከሳም፣ እንዲያውም ጸጉሩ አብረቀረቀ።

በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ገመዱን በጥሶ ተከተለኝ። ወንዙ ዳር ሰባት ታጋዮች ልብሳቸውን ያጥቡ ነበር። ታያላችሁ እንግዳ አይወድም፤ ጮኸባቸው። ከላይ በኩል ያልፉ የነበሩ ወታደሮች ሰምተው ተኮሱ። ውሻው ሞተ፤ አንዱ ታጋይ ትከሻው ላይ ተመታ።

ከሰዓት በኋላ ታጋዮቹ መንደሩን በሙሉ ሰበሰቡ። አለቃቸው ገና ሃያ ዓመት የሞላው ልጅ ነበር። "የማን ውሻ ነው?" አለ። ሰው ሁሉ አባታችንን አየ። አባታችን እኔን አየኝ። ምላሴ ደረቀ፤ ልጄ፣ እግሬንም አላነሣሁም።

እናትሽ ተነሣች። "የእኔ ነው፤ አባቴ አያውቅም" አለች።

"እህቴ፣ ለአንድ ውሻ ብለሽ ሰባታችንን ልታስጨርሺ ነበር?" አላት። ከዚያ ዱላው መጣ። ጉልበቷ ሲሰበር ሰማሁት።

ወጌሻው ካሰራት በኋላ በሁለተኛው ቀን ወታደሮቹ መጥተው "ይቺ ልጅ ምን ሆነች?" አሉ። እውነቱ ቢነገር ቤታችን ይቃጠል ነበር። ያን ጊዜ ምላሴ ተፈታ! "ጥሬ ማንጎ ስትሰርቅ ወደቀች" ብዬ አወዳደቋን አስመስዬ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ወታደሩ ሳቀና ሄደ።

ያ ውሸት ቤታችንን አዳነ። ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ማለቅ ነበረበት፤ እኔ በየሠርጉ፣ በየክርስትናው አሳደግኩት። ቅርንጫፍ ጨመርኩበት፣ ንብ ጨመርኩበት፣ በአንቺ ሠርግ ደግሞ ቀሚሷ ተሰቅሎ ቀረ አልኩ። ሰው ሲስቅ እናትሽን አይተሻት ታውቂያለሽ? ሁልጊዜ ከሌላው ትንሽ ዘግይታ ነው የምትስቀው። አባታችንን የቀበርን ዕለት ይቅር በይኝ ልላት አፌን ስከፍት "ምሳህ ይቀዘቅዛል፣ ብላ" አለችኝ። እኔም፣ ፈሪው፣ በላሁ።

ስለዚህ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት የማንጎውን ዛፍ አውጪልኝ፤ ውሻውን አስገቢ። ልጆችሽ አያታቸው ሌባ እንዳልነበረች፣ አጎትሽም ቀልደኛ ብቻ እንዳልነበረ ይወቁ። ለእርሷ ደግሞ ከእኔ እንዲህ ብለሽ ንገሪልኝ፦

ቆይ፣ ቡችላው በር ላይ ይጮሃል። የሐራሬው አውቶቡስ ቆሞ ነበር መሰለኝ። የማንን እንግዳ…

ቡችላው ዝም አለ። ከበሩ ውጭ ሰው አፏጨለት፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ለካ ያን ጊዜ ዋሻው ውስጥ ውሻውን የምመግበው እኔ ብቻ አልነበርኩም። አሁን ከዘራ ጠጠሩን ሲመታ ይሰማኛል፤ አንድ እርምጃ ጠንከር፣ አንድ እርምጃ ለስለስ።

ልጄ፣ ያልጨረስኩትን እንድትነግሪልኝ አያስፈልግም፤ ራሴ በር ልክፈትላት። እግዚአብሔር ቤትሽን ይጠብቅ፤ ልጆችሽ ሲጠየቁ የሚነሡ ይሁኑ።

የእናትሽ ታናሽ