ለታደሰ «አቤት» ያልኩበት ሳምንት

ሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን 1991

«አባላችን አቶ ታደሰ በተከታታይ በሦስት ቀብር ላይ ስላልተገኙ በመተዳደሪያ ደንባችን አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት ከእድሩ የተሰረዙ መሆኑን እናስታውቃለን።»

ቃል በቃል ገለበጥኩት። ታደሰ ቀብር ያልመጣው ምሽግ ውስጥ ስለሆነ ነው! ከክረምት ጀምሮ ጦር ግንባር ነው። የሸኘነው እኛው ነን፤ የእድሩ ጸሐፊ እንኳ አልቅሷል።

ወረቀቱን ያመጣችው ሚስቱ ዓለሚቱ ናት፣ ጎረቤቴ። ማንበብ አትችልም። ማኅተሙን ስታይ መርዶ መስሏት ሕፃኗን አዝላ እየሮጠች መጣች። «ጋሼ፣ ቶሎ ይንገሩኝ፤ ሞቷል?»

የለም፣ ከእድር ተሰርዞ ነው አልኳት። ሕፃኗን ከጀርባዋ አወረደች። «ታዲያ አንድ ነገር ቢሆን ማን ድንኳን ይተክልልኛል?» አለች።

ማክሰኞ

ከትምህርት ቤት በቀጥታ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደማርያም ጋ ሄድኩ። ጮህኩ። እሳቸው አልጮሁም። ደንቡን ከሳጥን አወጡና፣ «አንቀጽ ዘጠኝን ማን አረቀቀው? እርስዎ አይደሉም እንዴ፣ መምህር? እኛ ‹በቂ ምክንያት ከሌለው› ይጨመር ስንል እምቢ ያሉት እርስዎ ነዎት!» አሉኝ።

እውነት ነው። የእጄ ጽሑፍ ነው። ያኔ ያሰብኩት ቀብር ጥለው ጠጅ ቤት የሚውሉትን ነበር። ወታደር አልታሰበኝም።

ይቀየራ፣ አልኩ። የሚቀይረው ጠቅላላ ጉባኤ ነው አሉ። እሱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ረቡዕ

የዓለሚቱ ቡና ቀልቶ መርገፍ ጀምሯል። ባለቤቴና ሁለት ጎረቤቶች ሲለቅሙላት ዋሉ። እኔም ሄድኩ፤ ከለቀምኩት ያፈሰስኩት ይበልጣል።

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር። ሳቀች። «ታደሰ ‹ጋሼ በአንድ ማርክ ጣሉኝ› ይል ነበር። እስከ ዛሬ አልረሳም» አለች። ማርኩን እኔም አልረሳሁም። ይገባው ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ ታደሰ ከሰቀለው ቀፎ የተቆረጠ ማር ሰጠችኝ። ልቀበል አልፈለግሁም፤ ተቀበልኩ።

ዓርብ

ዛሬ አንዲት አሮጊት ቀበርን። አካፋ ይዤ በሌሊት ከወጡት ወጣቶች ጋር ቆፈርኩ። መዳፌ ተላጠ። አናጢው ከበደ፣ «መምህር፣ በዚህ አያያዝ እኮ እናታችን እስከ ገና ይጠብቁዎታል!» ብሎ አሳቀብኝ።

ከቀብር በኋላ ስም ጥሪ ሆነ። ጸሐፊው ታደሰን ዘለለው።

«ታደሰን ጥራ!» አልኩት።

«ተሰርዟል እኮ።»

«ጥራ አልኩህ!»

«እሺ… ታደሰ!»

«አቤት» አልኩ። ከኋላዬ ከበደም «አቤት» አለ። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያም ብዙ ሰው። መጨረሻ ላይ ከፊት መስመር የሽማግሌ ድምፅ መጣ፤ ጋሽ ወልደማርያም ናቸው። ጸሐፊው እርሳሱን ይዞ እኔን ያያል፣ እሳቸውን ያያል። ምን እንደጻፈ አላየሁም።

ሴቶቹ መካከል ዓለሚቱ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ቆማ ነበር።

ቅዳሜ

ጠቅላላ ጉባኤው የሚሰበሰበው ነገ ሳምንት ነው። «አቤት» ማለት ደግሞ ውሳኔ አይደለም። ስለዚህ ጻፍኩ፤ ጠዋት ለጋሽ ወልደማርያም በእጃቸው እሰጣለሁ።

«ለእድሩ ዳኛ፦ አንቀጽ ዘጠኝን በጭፍን ያረቀቅሁት እኔ ነኝ፤ ይህም በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ። ታደሰ ስለ እኛ ነው የሄደው። እስኪመለስ ድረስ በየቀብሩ የእሱን ድርሻ እኔ እቆፍራለሁ። ስሙ ወደ መዝገቡ መመለሱን፣ ለሚስቱም ቤቷ ድረስ ሄዳችሁ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ በካፊኛ ማስረዳታችሁን ከጉባኤው በኋላ እስከ ሐሙስ ኅዳር 24 ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ። የቃል መልስ አልቀበልም።»