የጓድ ጳጳስ መሬት

ግንቦት 6 ቀን 1978፣ ዳባት

«ጳጳሱ ከእህታቸው ጋር መጡ» ስትል ሰማሁ፣ የሻይ ቤቷ ባለቤት። ሁለት ክፍል አስጠረግሁ። እንግዳዋ ይህን ሲያዩ ሳቁ። ወይዘሮ ዶሮቲ ይባላሉ፤ ሚስታቸው ናቸው። ለካ የእንግሊዝ ጳጳስ ያገባል! ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው ወፍራም መጽሐፍ አንብቤ ነበር… ጳጳስ ሲባል ግን አሁንም መነኩሴ ነው የሚታየኝ።

አውራጃው ከጂኦግራፊ ክፍሌ አንስቶ አስተርጓሚ አድርጎኛል። ጳጳሱ አማርኛ ጥሩ አድርገው ይችላሉ። የኔ ሥራ መገኘት ነው።

ግንቦት 8

ጳጳስ ሆልት በጉብዝናቸው ዘመን እዚሁ ሚሲዮን ውስጥ ቁስል ሲያጥቡ፣ ፊደል ሲያስቆጥሩ ኖረዋል። ከዚያ ሌላ አገር ጳጳስ አድርገው ሾሟቸው። አንድ ካቴድራል፣ ሁለት መፈንቅለ መንግሥት፣ ብዙ ወባ… ጡረታ ወጡ። አሁን የእርዳታ እህል ሊያከፋፍሉ ተመልሰዋል። ልባቸው ደክሟል፤ ሐኪማቸው ነግሯቸዋል።

«መምህር ይግዛው፣ የቀረኝ አንድ ጉዳይ ነው። እዚህ መቀበር።»

ሰው ከዳባት ለመዛወር ደጅ ይጠናል፤ እኒህ ደግሞ…

ግንቦት 10

ቄስ ሀብተ ሚካኤል ዘንድ ሄድን። ወንበር ሰጧቸው፣ ጠላ አቀረቡላቸው፣ የመቃብሩን ነገር ግን እምቢ አሏቸው።

«አባቴ፣ እናቴን ከሞት ያተረፏት እርስዎ ነዎት። ቅጽሩ ግን ከእኛ ጋር ለቆረበ ነው።»

«ከቅጽሩ ውጭስ?»

«ከቅጽሩ ውጭ ያለውን ሻረውን ይጠይቁ።»

ሻረው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው።

ግንቦት 13

ሻረው ከወንበሩ አልተነሣም።

«ጓድ ጳጳስ፣ መሬት ላራሹ ነው። ለሟች የሚል አዋጅ አላየሁም።»

«ባርስስ?»

ወደኔ ዞረ። «ምን አሉ?»

«ባርስስ አሉ።»

ከአማርኛ ወደ አማርኛ ተረጎምሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ደመወዜ የሚገባኝ መሰለኝ።

ግንቦት 21

የአገርነሽን ማሳ እያረሱ ነው። ባሏ ሞቷል። አንድ በሬዋን ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅታለች፤ ያጣችው አራሽ ነበር። ጳጳሱ እርፉን ጨብጠው ተንገዳገዱ። ትልማቸው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ መንገድ ይመስላል።

«አባ፣ በሬ ይቆጡታል እንጂ ይለምኑታል እንዴ!» አለች አገርነሽ።

«ሥራዬ መለመን ነው ልጄ።»

ልብዎስ አልኋቸው። «አላማከርሁትም» አሉ።

ሰኔ 12

አገርነሽ ሳይነጋ ወጥታለች። ጳጳሱ ራሳቸው በሬዎቹን ጠመዱ፣ እስከ ረፋድ አረሱ። ሜዳው ላይ ሌላ ጥማድ የለም። ሰዉ ዛሬ ሰነፈ ተባባልን… አገርነሽ ነጠላዋን እንዳጣፋች ከቤተ ክርስቲያን እየሮጠች መጣች።

«አባ! ኧረ ዛሬ ሚካኤል ነው!»

ጳጳሱ እርፉን ለቀቁ። በነጭነታቸው ላይ ነጡ። እኔስ ምን ነካኝ? የሰኔ ሚካኤል ይረሳል?

ሰኔ 13

በረዶ ወረደ። የጎረቤቶቹን ቡቃያ ከመሬት ደባለቀው። በረዶ እንዴት እንደሚፈጠር በየዓመቱ አስተምራለሁ። ዛሬ ለማንም አላስተማርሁም። ጳጳሱን ሰላም ያላቸው የለም።

ሰኔ 15

ስብሰባ። እሑድ፣ ሆን ተብሎ በቅዳሴ ሰዓት።

«ጓድ ጳጳስ በበዓል አርሰው ጎታች ልማድን ሰብረዋል!» አለ ሻረው። «ማኅበሩ የመቃብር ቦታ ሰጥቷቸዋል። አጨብጭቡ!»

ተጨበጨበ። ፊት ሁሉ ግን መሬት መሬት ያያል። እንግዲህ የፈለጉትን አገኙ፤ ዝም ቢሉ ይበቃ ነበር። እሳቸው ግን ተነሡ።

«በዓሉን የሻርሁት ረስቼ ነው። ልማዳችሁን ልሰብር አልመጣሁም። ማንንም እንደምትቀጡት ቅጡኝ።»

«ጓድ፣ ቦታው የተሰጠዎት እኮ በተራማጅነትዎ ነው!»

«እንግዲያው ውሰዱት። ቀባሪ ከሌለኝ ቦታው ምን ያደርግልኛል?»

ሻረው አፈጠጠብኝ። «ተርጉም እንጂ!»

«ውሰዱት አሉ።»

ሐምሌ 3

በዓል የሻረ ሰው በቅጣት ለፈረሰው የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ድንጋይ ይሸከማል። እሳቸውም ይሸከማሉ። አንድ ድንጋይ፣ ረጅም ዕረፍት፣ አንድ ድንጋይ… ቄሱ ይብቃዎት ቢሏቸው «ግንቡ አልደረሰም» አሉ። ወይዘሮ ዶሮቲ መድኃኒታቸውን ይዘው ከኋላ ከኋላ ይከተላሉ።

ዛሬ እኔም ተሸከምሁ። የአውራጃው ሰው ቢያየኝስ? ጂኦሎጂ እያጠናሁ ነው እለዋለሁ።

ነሐሴ 19

ግንቡ ከቆመ ሳምንት ሆነው። ቄስ ሀብተ ሚካኤል ጎረቤቶቹን አስከትለው መጡ።

«አባቴ፣ ከቅጽሩ ውጭ፣ ወይራው ሥር። የምንቆፍረው እኛው ነን።»

ሻረው አልተቃወመም። አልፈረመምም።

«እኔ ሙሾውን አውጥቻለሁ» አለች አገርነሽ። «ላሰማዎት እንዴ?»

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ልሙት።»

በረዶ የመታው ጎረቤት ሳይቀር ሳቀ። ጳጳሱ ግን ወደ ወይራው ዞረው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔ… እኔ የተመደብሁት ለማስተርጎም ነው፤ ይህን ለማን እተረጉማለሁ?

ነሐሴ 22

ጳጳሱ ላስገቡት ማመልከቻ ከአዲስ አበባ መልስ መጣ። የመኖሪያ ፈቃዳቸው አልታደሰም። ቅዳሜ በአውቶቡስ አገሩን ለቀው ይሄዳሉ።